ቀኝ ሲሉት ግራ የሄደው አውሮፕላን

የ2011 ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ባሻ ይታየው ገና ከቅዳሴ ሳይመለሱ፣ ልጃቸው ጽናት ሳሎኑ ጣሪያ ሥር በገመድ ተንጠልጥሎ የኖረውን አውሮፕላን አወረደችው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠራረገች፤ ክንፉን ከገላው ለይታ ሁለቱንም በባና ብርድ ልብስ ጠቀለለችና በር ላይ ወደቆመው ባጃጅ ይዛ ወጣች። ውስጥ ጓደኛዋ እስከዳር ተቀምጣ ትጠብቃታለች።

«ነግረሻቸዋል?» አለች እስከዳር።

«ሲበር ይሰሙታል» አለች ጽናት። «እስኪ ጠጋ በይልኝ።»

ባሻ ይታየው በወጣትነታቸው አየር ኃይል ገብተው ሃያ አንድ ዓመት በአውሮፕላን መካኒክነት ሠርተዋል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ መንዝ ተመልሰው፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል የወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ባረፉ በዓመቱ፣ ከውጭ አገር የመጣ አንድ የጥንት ባልደረባቸው አንድ ረጅም ካርቶን ይዞላቸው መጣ። ካርቶኑ ውስጥ እንደ ወረቀት የሳሳ እንጨት፣ ትንንሽ ሞተሮች፣ ሽቦና አንድ ትልቅ ንድፍ ነበረበት። በሪሞት የሚበር፣ ሰማይ ላይ የሚገለባበጥ፣ ሲያሻው ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ የሚሄድ የአክሮባት አውሮፕላን ነው፤ ግን ገና ከአራት መቶ በላይ ቁራጭ ነው።

ባሻ ቁራጮቹን በአራት ዓመት አንድ አደረጓቸው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ሦስት ክንድ የሚሆን ቢጫ አውሮፕላን ወጣ። የቀረው ማስተካከሉ ብቻ ነበር፤ ክብደቱን ማመጣጠን፣ ክንፉና ጅራቱ ላይ ያሉት መታጠፊያዎች የታዘዙትን ያህል እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ፣ የሪሞቱን ልክ ማውጣት። ይህን ሊጀምሩ ሲሉ ዓይናቸው ከዳቸው። የዓይን ግፊት ነው፤ የሄደው አይመለስም ተባሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለዩት ነገር ጠፋ።

«እኔ አይቼ ያላረጋገጥሁት አውሮፕላን ከመሬት አይነሣም» አሉ ያን ጊዜ። «ማየት ደግሞ አልችልም። ስቀሉት።»

ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳይነካው ተከለከለ።

ጽናት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባላት ትንሽ ሱቅ ሞባይልና ቴሌቪዥን ትጠግናለች። ዘወትር ማታ እራት ስታቀርብ ከአናቷ በላይ ያን ቢጫ ክንፍ ታያለች፤ አባቷ ደግሞ እዚያው ሥር ተቀምጠው ወደማያዩት ነገር ፊታቸውን ቀና ያደርጋሉ። አንድ ቀን ሰለቻት። ሪሞቱን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታ በማብረር መለማመጃ ፕሮግራም ስድስት ወር ሙሉ ተለማመደች። የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው የአውሮፕላኑ ተቀባይ ዕቃ በመቀመጥ ብዛት ሞቶ ስላገኘችው ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጥታ ተካችው። የፊዚክስ መምህርት የሆነችው እስከዳር የወረዳውን ፈቃድ አወጣች። የቀረው ሜዳውና ቀኑ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የግጦሽ መስክ ላይ ሲደርሱ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ጽናት ክንፉን በብሎን አጠበቀች፤ ባትሪውን ሰካች፤ የሪሞቱን እጀታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ገፋ ገፋ አድርጋ አየች። መታጠፊያዎቹ ይንቀሳቀሳሉ። በቃ፣ ደኅና ነው።

ነዳጅ ሰጠችው። በባትሪ የሚሠራ ቢሆንም ባሻ እንዲያ ስለሚሉ እሷም እንዲያ ነው የምትለው። አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ እየዘለለ ከጠበቀችው በላይ ራቅ ብሎ ሄዶ ተነሣ። እስከዳር እልል አለች። ከሰው ቁመት አለፈ፤ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ተስተካከለና በግራ ክንፉ በኩል ትንሽ ዘመም አለ። ጽናት ልታቃናው የቀኙን ሰጠችው። የባሰውን ዘመመ። ጨመረችለት። አውሮፕላኑም ጨመረ፤ በግራ ክንፉ ቁልቁል ቆሞ አየሩን እየቀደደ መጣና መሬቱን መታው። ከተነሣ ዘጠኝ ሰከንድ ቢሆነው ነው።

እስከዳር እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ጽናት ሪሞቱን አጥፍታ ሄደች። የግራው ክንፍ ከግማሹ ተሰብሯል፤ አፍንጫው ተጨፍልቆ ሞተሩ በሽቦ ብቻ ተንጠልጥሏል። ባናውን ዘርግታ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ትልልቁን ጨርሳ ሣር ውስጥ የገባውን ስንጥር ሁሉ እየፈለገች ትለቅማለች።

«ተይው እንግዲህ፣ ይህ ምን ያደርግልሻል?» አለች እስከዳር።

«ቅርጹን ያሳየኛል» አለች ጽናት፤ ቀና ሳትል።

ቤት ስትደርስ ባሻ ከቅዳሴ ተመልሰው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግሯን ሰምተው ዞር አሉ።

«ምን ተሸክመሽ ነው? እንጨት ይንኳኳል።»

ጽናት መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችውን ንግግር ትታ ባናውን እግራቸው ሥር አስቀምጣ ፈታችው።

«አውሮፕላኑ ነው፣ አባባ። አበረርሁት። ወደቀ።»

ባሻ ዱላቸውን ተደግፈው ከመቀመጫቸው ወረዱና መሬት ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ባናው ላይ አሳረፉ። ጣታቸው መጀመሪያ ጅራቱን አገኘ፤ ደኅና ነው። በጀርባው በኩል ወደ ፊት ሄደ፤ ክንፉ ሥር ሲደርስ ዘገየ፤ የተሰበረው ጠርዝ ላይ ቆመ። ስብራቱን እንደ ቁስል ዙሪያውን ዳሰሱት። አራት ዓመት የለፉበት እንጨት መሆኑን ጽናት ያን ሰዓት እንደ አዲስ አስታወሰችው፤ ቢጮሁባት በወደደች።

«ሲነሣ ቀጥ ብሎ ተነሣ?» አሉ በመጨረሻ።

«ቀጥ ብሎ። ከዚያ በግራ ዘመመ።»

«ምን ሰጠሽው?»

«ቀኝ።»

«እሱስ?»

«ጭራሽ ወደ ግራ።»

ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተቀባዩን ቀይረሻል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? አቅጣጫውን እኔ ስገጥመው አይቼዋለሁ፤ ትክክል ነበር። አዲሱን ስታስገቢ ሪሞቱ ላይ እንደ አዲስ ነው የመዘገብሽው፤ አቅጣጫው ተገለበጠ። ከመነሣትሽ በፊት አላየሽም?»

«መንቀሳቀሱን አይቻለሁ፣ አባባ። ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ግን…»

«ወዴት የሚለውን አላየሽም።»

«አላየሁም።»

ከጎረቤት የበግ ጩኸት ይሰማል። ባሻ የተሰበረውን ክንፍ ጭናቸው ላይ አድርገው እንደያዙ ማውራት ጀመሩ፤ ስለ አየር ኃይል ዘመናቸው ብዙ አያወሩም ነበርና ጽናት ሳታውቀው አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የአንድ ማሠልጠኛ አውሮፕላን የክንፍ ኬብል ቀይሬ ቀኙን ከግራ አጣረስሁት። እኔው ነኝ ያጣረስሁት፤ ሌላ ሰው የለበትም። ጨርሻለሁ ብዬ ፈረምሁ። አብራሪው ወጣ፤ ሞተር አስነሣ፤ ከመሄዱ በፊት መሪውን ወደ ቀኝ አድርጎ አንገቱን አዙሮ ክንፉን አየ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ይጮኻል ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ‹ና እስኪ፣ አብረን እንየው› ነው ያለኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ አንድ ቃል አልተናገረም። ሁለት ልጆች ነበሩት ያ ሰው።»

«እርስዎም አይጮኹብኝም ማለት ነው?»

«እኔማ መጮኹን እችልበት ነበር» አሉ ባሻ። «ግን የጠገነው እጅሽ ጥሩ ነው። ሽቦውን ስዳስሰው የተጠላለፈ አላገኘሁበትም።» ክንፉን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ወሰኔ አናጢው ቀርከሃ አያጣም። ነገ ጠይቂው።»

«እንሠራዋለን?»

«ስብራቱን በጣቴ አየሁት እኮ» አሉ፤ የተናገሩትን ራሳቸውም ልብ ያሉት ያን ጊዜ ይመስላል። «በጣቴ ስብራት ካየሁ ሌላውንም አላጣውም። ግን እኔ ደኅና ነው ሳልል አይነሣም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሥራው ሁለት ወር ወሰደ። ያ እንደ ወረቀት የሳሳ እንጨት በአገሩ የለም፤ ስለዚህ ወሰኔ የሰነጠቀው ቀርከሃ የክንፉ አጥንት ሆነ፤ ሥጋው ደግሞ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ ዙሪያውን ከሚደግፈው ነጭ ፎም ተቀረጸ። ጽናት ሱቋ ጓሮ የተከመረ ፎም ነበራት። ከሜዳው የለቀመቻቸውን ስንጥሮች ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ገጣጥማ በላያቸው ወረቀት አድርጋ ቅርጹን በእርሳስ አወጣች፤ በዚያ ልክ ፎሙን ቆረጠች። ባሻ እየዳሰሱ «እዚህ ጋ ወፍሯል»፣ «እዚህ ጋ ከቀኙ ይሳሳል» ይሏታል። ሁለት ጊዜ ጥላ እንደ አዲስ ጀመረች። ሦስተኛውን ባሻ ከቀኙ ክንፍ ጋር ጎን ለጎን አድርገው በሁለት እጃቸው እኩል ዳሰሱና «ይህ ወንድሙ ነው» አሉ።

ከገና በኋላ ወደ ማስተካከሉ ገቡ። ጽናት ፈጣን ሥራ የለመደች ናት፤ የመናኸሪያ ደንበኛ መኪናው ሳይሄድበት ስልኩን ይፈልጋል። ባሻ ግን አንድ ነገር ሳያልቅ ሁለተኛውን አያስነኩም። መጀመሪያ ክብደቱን መዘኑት። ጠቋሚ ጣታቸውን ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ሲሶ ያህል ገባ ብለው በግራም በቀኝም ከሥር አስደግፈው አነሡት። ጅራቱ ወረደ።

«ባትሪውን ወደ ፊት።»

ገፋችው። አሁንም ወረደ። እንደገና ገፋችው፤ አፍንጫው ጎንበስ አለ።

«ለጊዜው እንዲህ ይሁን። አፍንጫው ሲከብድ ረጋ ይላል፤ መገለባበጡ ግን ይሰንፋል። ስትለምጂው ወደ ኋላ እንመልሰዋለን።» ቀጥለው አፍንጫውንና ጅራቱን በክር አንጠለጠሉት። አዲሱ የግራ ክንፍ ከበደ፤ ቀርከሃው ነው። ጽናት የቀኙ ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎን ቀበረችበት። ሦስት ቢሆን በዝቷል ይላሉ፤ አንድ ሲሆን አንሷል። ጣታቸው የብሎን ክብደት ይለያል።

ክንፉ ውስጥና ጅራቱ ሥር መታጠፊያዎቹን የሚስቡ ሰርቮ የሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች አሉ። ባሻ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መታጠፊያውን ይዘው ጽናትን ሪሞቱን እንድታዝ ያደርጋሉ።

«ቀኝ ስጪ።»

«ሰጠሁ።»

«የቀኙ ክንፍ መታጠፊያ ሽቅብ፤ የግራው ቁልቁል። ደግ። እጀታውን ወደ አንቺ ሳቢው።»

«ሳብሁ።»

«ጅራቱ ሽቅብ። ደግ። ይህ ግን በዝቷል፤ ሲገለባበጥ እንጂ ሲነሣ አይሆንም። ለመጀመሪያው ቀን በግማሹ ይሁን።»

ጽናት ሪሞቱ ላይ ሁለት ልክ አዘጋጀች፤ አንዱ ለመነሻ፣ አንዱ ለመገለባበጫ፤ በአንዲት ማብሪያ የሚለዋወጡ። እጀታው መሐሉ ላይ ለስለስ እንዲል፣ ጠርዙ ላይ ግን ኃይሉን እንዲሰጥ አደረገችው። ፕሮፔለሩንም ቀየሩት። ንድፉ ላይ የተጻፈው ልክ ቆላ ላይ ለሚበር ነው፤ የመንዝ አየር ስስ ስለሆነ አይጨብጥለትም። ያን ቀን ሜዳው ላይ ሲነሣ ያን ያህል የዘለለው ለዚህ እንደነበር ጽናት አሁን ገባት፤ በልኩ ከፍ ያለ ሌላ ፕሮፔለር አስመጣች።

ጥር አጋማሽ ላይ እስከዳር ትምህርት ቤቱን አስተባብራ ቀን ቆረጠች። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት መቶ ያህል ሰው መስኩ ላይ ወጣ፤ ተማሪ፣ መምህር፣ ከገበያ መንገዳቸውን የቀየሩ የቀዬው ሰዎች። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሳይቀሩ ወንበር ይዘው መጥተዋል። ባሻ በርኖሳቸውን ለብሰው አውሮፕላኑ አጠገብ ተንበረከኩና እንደ ልማዳቸው ከአፍንጫው ጀምረው እስከ ጅራቱ ዳሰሱት። የግራው ክንፍ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ «ቀኝ ስጪ» አሉ። ሰጠች። «ግራ።» ሰጠች። «እንደገና።»

«ምን ሆነ?»

«መሐል ላይ ያዝ ያደርገዋል።»

ጽናት ተንበርክካ አየች። መታጠፊያው ሽቅብ ይሄዳል፤ ቁልቁል ይሄዳል። ምንም አይታያትም። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሞከረችው።

እስከዳር ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት፤ «ጽናት፣ ሰው ብርድ ላይ ቆሟል። ይንቀሳቀሳል እኮ።»

ጽናት ሕዝቡን አየች። ርእሰ መምህሩን አየች። ከዚያ አባቷን አየች፤ ጣታቸው መታጠፊያው ላይ እንዳለ ነው። መንቀሳቀሱን አይቻለሁ ያለችበት ቀን ትዝ አላት። ቆመችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ይቅርታ አድርጉልን። ዛሬ አይበርም።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ «አልተሠራም በሉንና እንሂድ!» ብሎ ሌላውን አሳቀ። ሰው ወደ ከተማው ሲመለስ ጽናት እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጣ ሰርቮውን ፈታችው። ውስጡ ካሉት ትንንሽ የጥርስ ጎማዎች የአንዱ ጥርስ በግማሽ ተቆርሷል፤ በወደቀበት ቀን መሆን አለበት። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አየር ላይ ጠንከር ብላ ብታዘው ይበጣጠስ ነበር። ለእስከዳር አሳየቻት። እስከዳር የጥርስ ጎማውን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ለርእሰ መምህሩ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ሰርቮው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጽናት አንዱን ብቻ አልቀየረችም፤ አራቱንም ፈትታ ጥርስ በጥርስ አየቻቸው፤ ከዚያ ሁሉንም ልክ ከመጀመሪያው ጀምራ ከአባቷ ጋር ደገመችው። በየካቲት መጀመሪያ አንድ ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ሦስቱ ብቻ ወደ መስኩ ወጡ። ባትሪው በብርድ እንዳይደክም ጽናት ጃኬቷ ውስጥ ደረቷ ላይ ይዛው ነው የመጣችው።

ባሻ አውሮፕላኑን ይዘው ቆሙ፤ ጽናት ሪሞቱን ይዛ እየራቀች ሄደች። የርቀት ሙከራ ነው። በየአሥር እርምጃው ታዛለች፤ ባሻ ጣታቸው ያገኘውን ጮኸው ይናገራሉ።

«ቀኝ!» ይላሉ። «ግራ! ሽቅብ!» ዘጠና እርምጃ ላይ ሆና ዝም ብላ ቆመች፤ ሆን ብላ ምንም አላዘዘችም። «ምንም!» አሉ ባሻ፤ ሳቅ ብለው።

አውሮፕላኑን ሣሩ ላይ አስቀምጠው በእስከዳር እጅ ተመርተው ከጽናት ጎን ቆሙ።

«አባባ?» አለች ጽናት።

«ደኅና ነው» አሉ። «አስነሺው።»

ነዳጅ ሰጠችው። በዚህ ጊዜ ብዙም ሳይዘልል አየሩን ጨበጠ። ከባሕር ዛፎቹ አለፈ፤ በግራ ዘመም አለ፤ ጽናት የቀኙን ሰጠች። ቀና አለ። መስኩን ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ትንሽ ወደ ግራ የመሳብ ነገር ስላለው በሪሞቱ እያረመች ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አደረገችው። ከዚያ ከፍ፣ ከፍ፣ ቢጫው የጣት ጥፍር እስኪያህል ከፍ አደረገችውና ማብሪያዋን ወደ ሁለተኛው ልክ መለሰቻት።

መጀመሪያ በጎኑ አሽከረከረችው፤ ሆድ፣ ጀርባ፣ ሆድ። እስከዳር ጮኸች። ቀጥላ ጀርባው ላይ ስታደርሰው እዚያው አቆመችው፤ ጎማዎቹን ለሰማይ ሰጥቶ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

«ተገለበጠ?» አሉ ባሻ።

«እንዴት አወቁ?»

«ድምፁ ተለወጠ። ጅራቱን እየገፋሽ ነው፤ አፍንጫው ይወርድብሻል።»

እውነት ነው፤ ይወርድባታል። መልሳ አቃናችው። ድንገት እሷም ሳታስበው ጥያቄው አመለጣት።

«አባባ፣ እርስዎ መቼም አብርረው ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔ መካኒክ ነኝ። ስንቱን አዘጋጅቼ ሸኘሁ እንጂ መሪ ጨብጬ አላውቅም።»

ጽናት አውሮፕላኑን ከፍ አድርጋ ቀጥ አደረገችው። የሪሞቱን ማንገቻ ከአንገቷ አውልቃ አባቷ አንገት ላይ አጠለቀችው።

«ምን ታደርጊያለሽ! ልትከሰክሺው ነው?»

«እጄ እጅዎ ላይ ነው። ይያዙ። ይህችን ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይስባሉ፤ ሽቅብ ይሄዳል፤ ይገለበጣል፤ ይወርድና ተመልሶ ይቃናል። ‹ይልቀቁ› እስክል እንዳይለቁ።»

ባሻ ሳቡ። ሞተሩ ማማረር ጀመረ፤ ሽቅብ ነው። ድምፁ ሲከብድ ባሻ ደነገጡና ለቀቁት። አውሮፕላኑ ጫፉ ላይ ደክሞ በጎኑ ወደቀ፤ እየተሽከረከረ መጣ። ጽናት በጣቶቻቸው ላይ ጣቷን ጭና ነዳጁን ቀነሰች፤ አቃናች፤ ቀስ ብላ ሳበች። አውሮፕላኑ ከዛፎቹ በላይ ቀና አለ።

«ውሰጂው» አሉ ባሻ።

«አልወስድም። ቶሎ ለቀቁት፤ ያ ብቻ ነው። እንደገና ከፍ አደርገዋለሁ።»

«ጽናት።»

«አባባ፣ ሁለት ወር ሙሉ ‹እንደገና› ሲሉኝ ከርመው የለ?»

ባሻ በርኖሳቸውን በትከሻቸው ወደ ኋላ አደረጉና እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። ጽናት አውሮፕላኑን አሁንም ከፍ አድርጋ አቀናችው። «በሉ።»

ሳቡ። ሞተሩ አማረረ። «ሽቅብ ነው» አሉ ባሻ ለራሳቸው። ድምፁ ከበደ፤ አለቀቁም። «አሁን ተገለበጠ።» ከዚያ ድምፁ ቀለለ፤ ፕሮፔለሩ እንደ ፉጨት ቀጠነ። «እየወረደ ነው፣ እየወረደ ነው…» ጽናት ‹ይልቀቁ› ልትል አፏን ስትከፍት ባሻ ቀድመዋት ለቀው ነበር። አውሮፕላኑ ሰማዩ ላይ ክብ ሠርቶ፣ በጀመረበት ከፍታ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«ቀና?» አሉ።

«ቀና።»

«ክብ ነው? ወይስ እንቁላል?»

ጽናት ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አውሮፕላኑ እየደበዘዘባት ነበርና ቶሎ ብላ በትከሻዋ ጠረገችው። «ትንሽ እንቁላል ነው።»

«አላለቀም እንግዲህ። ድገሚልኝ፤ ከፍ አድርጊው።»

ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሦስተኛው ላይ ጽናት እጇን ከእጃቸው ላይ አንሥታ ነበር፤ አልነገረቻቸውም። ከዚያ ሪሞቱ መጮኽ ጀመረ፤ ባትሪው እያለቀ ነው። ማንገቻውን መልሳ ወስዳ አውሮፕላኑን በመስኩ ጫፍ አዞረችና አወረደችው። አወራረዱ አላማረም፤ ሁለት ጊዜ ነጥሮ የቀኙ ጎማ ተጣሞ ቆመ። እስከዳር ሮጣ ሄዳ አነሣችው።

ባሻ አውሮፕላኑን ተቀብለው ጣታቸውን ከአፍንጫው ጀምረው አሳለፉበት። ሞተሩ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«ሞቋል። ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የከበደው ለዚህ ነው። ፕሮፔለሩ በዝቶበታል፤ ትንሽ ዝቅ ያለ እንሞክር። ባትሪውም አሁን ወደ ኋላ ይመለስ፤ አፍንጫው እያስቸገረሽ ነው። እና ደግሞ ያ እንቁላል…»

«እሺ፣ አባባ።»

«ቅዳሜ ይደርሳል?»

«ጎማውን ዛሬ አቃናለሁ። ፕሮፔለሩ ሱቅ ውስጥ አለ፤ ሁለት ነበር ያስመጣሁት» አለች ጽናት። ተንበርክካ የክንፉን ብሎን መፍታት ጀመረች።

«ሰው ልጥራ?» አለች እስከዳር።

ባሻና ጽናት እኩል መለሱላት። «ገና ነው!»